ሚዛኑን ንፋስ የመታው ክረምት

በሴፕቴምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከለንደን በስተደቡብ በሚገኝ አንድ የተኩስ ሜዳ፣ አክስቴ እትዬ ጽጌ አሥረኛውን የብረት በግ ከአምስት መቶ ሜትር ርቀት ጣሉ። ቆመው ነው የተኮሱት። ቀኝ ትከሻቸው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከኋላቸው፣ ተመልካች ከማያልፈው ነጭ መስመር ጀርባ፣ ጆሮዬን ሸፍኜ ቆሜያለሁ።

ይህ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ለሥራ ክላፋም ሄጄ ሳለ፣ የቤቴን ቁልፍ ለማስቀረጽ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ማሽኑ ቁልፉን ሲፍቅ የነሐስ ብናኝ ተነሣ፤ ከማሽን ዘይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ሳንቲም ምላስ ላይ ያስቀመጡ የሚያስመስል ሽታ። ሰውየው ጨርሶ ሲሰጠኝ አንድ ሌላ እንዲቀርጽልኝ ጠየቅሁት። ሁለተኛው አያስፈልገኝም ነበር።

ከዚህ በታች የምጽፈውን አባቴን ደጋግሜ በስልክ እየጠየቅሁ አመሳክሬያለሁ። እሱ ያላየውን፣ እኔ ብቻ ያየሁትን፣ እንዳየሁት አስቀምጣለሁ።

የምንኖረው ሃክኒ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናትና አባቴ ሥራ ስለሚውሉ፣ ዕረፍቱን ሙሉ አርችዌይ እትዬ ጽጌ ዘንድ እንድከርም ተወሰነ። እትዬ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ተኩስ የጀመሩት ደግሞ በተማሪነታቸው ዘመን፣ በዩኒቨርሲቲያቸው ክበብ ነው። ጁላይና ኦገስትን «ክረምት» ይሏቸዋል። ውጪ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠው፣ እሳቸው ሹራብ ለብሰው «በዚህ ክረምት» ሲሉ ስሰማ፣ ለእሳቸው ብቻ የሚበርድ ወቅት ያለ ይመስለኝ ነበር።

የቤታቸው መስኮት አይከፈትም። ጠርዝ ጠርዙ በጋዜጣ ተወትፏል፤ ከበሩ ሥር ፎጣ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። «ንፋስ መታኝ» ማለት ለእትዬ የተሟላ የሕክምና ምርመራ ነበር። ሐኪሙ የትከሻዎ ጅማት ተበጥሷል ቢላቸውም፣ እሳቸው ግን ሕመሙ በባስ መስኮት የገባ ንፋስ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ እኔ ንፋስ የሚባል፣ እትዬን ለይቶ የሚጠላ አንድ ሰውዬ አለ ብዬ ደምድሜ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ወደ ተኩስ ሜዳው ወስደውኝ «ዛሬ ንፋስ ያስቸግረናል» ሲሉ፣ እዚህ ድረስ ተከትሏቸው መጣ ማለት ነው ብዬ ወደ መኪናው ዞር ብዬ አየሁ።

ስለ እንስሳቱም የተሳሳተ ነገር ነበር የያዝኩት። ውድድሩ ዶሮ፣ አሳማ፣ ቱርክ የሚሉት ትልቅ ዶሮና በግ እንደሆነ፣ ዶሮዎቹ ቅርብ፣ በጎቹ ደግሞ ከሁሉ ርቀው እንደሚቆሙ ነግረውኛል። ብረት መሆናቸውን ግን አልነገሩኝም፤ የማውቅ መስሏቸው ይሆናል። ሁለት ቀን ሳስብበት ከርሜ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ አሳማውን ግን ማን ይበላዋል?»

ፊታቸው ንቅንቅ አላለም። «እንግሊዞቹ» አሉኝ።

«በጉንስ? ፍልሰታ እኮ ሊገባ ነው፤ ጾም ነው።»

«የተከለከለው መብላት ነው፤ መጣል ማንም አልከለከለም።»

አባቴ ሊያየኝ መጥቶ ይህን ሰምቶ ኖሮ ሳቁን ሻይ ውስጥ ተፋው። እሱ የእትዬን ተኩስ አይወድም ነበር። «እትዬ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው ያርፋል። ከብረት በግ ጋር ምን አጣላሽ?» አላቸው።

«አንተስ በየቅዳሜው ከቴሌቪዥን ጋር ምን ያጣላሃል? የኔ በግ ቢያንስ ሲመታ ድምፅ ይሰጣል።»

ብረት መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ የእንግሊዞቹን ድግስ ማየት ፈልጌ ነበርና።

የዚያ ክረምት ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። ሐኪሙ ለእትዬ መተኮስ ይችላሉ፣ የጠመንጃው ርግጫ ግን መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ጅማቱ እንደገና ይበጠሳል ብሏቸዋል። የድሮ ጥይታቸው ደግሞ እንደ በቅሎ የሚራገጥ ነበር። ኮሊን የሚባል የክበባቸው አባል፣ ጡረታ የወጣ ረጅም የባቡር ሹፌር፣ ጠመንጃውን ለዓመታት ሲመኘው ኖሯል። እሱ እትዬ ሲተኩሱ አጠገባቸው ቆሞ በሩቅ ማሳያ መነጽር ዒላማውን እያየ የሚነግራቸው ሰው ነው። ጁላይ ላይ፣ ለስለስ ያለ ጥይት ሞክረው ከአሥሩ በጎች ሦስት ብቻ በወደቁበት ቀን፣ ጠመንጃውን እየጠረጉ ጠሩት።

«ከመታከሜ በፊት ስምንት እጥል ነበር» አሉት። «በወቅቱ የመጨረሻ ውድድር ስምንት ከጣልኩ ጠመንጃው የኔ ነው። ካልጣልኩ የፈቃዱን ወረቀት ጨርሰን አንተ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ እኔም ሜዳውን እሰናበታለሁ።»

ኮሊን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ባዶ የጠመንጃ ሻንጣ ይዤ ልምጣ ማለት ነው?»

«ይዘህ ና። ምንም ካልሆነ ሳንድዊችህን ታስቀምጥበታለህ።»

እትዬ እየሳቁ ነበር። ወደ አርችዌይ ስንመለስ ግን ሬዲዮኑን ልከፍት እጄን ስዘረጋ እጄን ይዘው መለሱልኝ፤ እንደያዙትም ቆዩ።

ችግሩ እንዲህ ነው። የብረት በግ መመታቱ ብቻ አይቆጠርለትም፤ ከቆመበት መውደቅ አለበት። ባሩድ ከተቀነሰ ትከሻ ያርፋል፣ በጉ ግን ድንግ ብሎ፣ ተወዛውዞ፣ መልሶ ይቆማል። ያን ቀን አራት በግ ተመትቶ ሲቆም አይቻለሁ። ኮሊን «ሰላምታ እየሰጡሽ ነው» አላቸው።

ስለዚህ እትዬ ሌላ መንገድ ያዙ። ጥይት አራት ነገር ነው፦ ነሐሱ ቀለሃ፣ ከሥሩ የሚገባው መለኮሻ፣ ባሩዱ፣ ከፊት የሚሰካው አረር። እትዬ ፈቃዱ ስላላቸው አራቱን ለየብቻ ገዝተው በእጃቸው ይገጣጥማሉ። ረጅምና ቀጭን፣ በመንገድ ላይ ጉልበቱን ቶሎ የማይጥል አረር መረጡ፤ ባሩዱን መጠነኛ አደረጉ። እንዲህ ያለው ጥይት በጉን ሆዱ ላይ ቢመታው አይጥለውም፤ ከላይ፣ ጀርባው አጠገብ ቢመታው ግን ይጥለዋል። የቀረው እያንዳንዱ ጥይት እንደ ወንድሙ ሆኖ አንድ ከፍታ ላይ እንዲሄድ ማድረግ ነበር።

የኔ ሥራ ቀለሃ ማጽዳት ነው። የተተኮሰው ቀለሃ ጠቁሮ ይመጣል። የተፈጨ የዋልነት ለውዝ ቅርፊት በሞላበት፣ ባልዲ በሚመስል ማሽን ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ያድራል፤ ጠዋት ወርቅ መስሎ ይወጣል። እኔ አንድ በአንድ አራግፌ፣ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ብናኝ በቀጭን እንጨት አውጥቼ፣ በፍላኔል ጨርቅ ወልውዬ፣ በእንጨት ገበታ ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ አቆማቸዋለሁ። ተደርድረው ሲቆሙ መዘምራን ይመስሉኝ ነበር፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜም አስዘምራቸው ነበር። ነሐሱ እጄ ላይ ይሸታል፤ ማታ ስተኛም ትራሴ ይሸታል። ባሩዱን መንካት ክልክል ነው። እሱ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ በእትዬ አንገት ከማተባቸው ጋር ይንጠለጠላል። ማተብ ማለት ባሩድ ያለው ሰው የሚያስረው ክር ይመስለኝ ነበር፤ ለኔ ለምን እንደታሰረልኝ አልገባኝም።

እትዬ የሚመዝኑት በድሮ የእጅ ሚዛን ነው፤ በአንድ ጎን ትንሽ ሳህን፣ በሌላው ጎን ጫፏ ቀጭን መርፌ። ድሮ መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይመዝኑ ነበር። ከሕክምናው በኋላ ጎንበስ ማለት ስላቃታቸው፣ ሚዛኑን ኩሽና አምጥተው ከኤሌክትሪክ ምድጃው ጎን፣ ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጡት። ሲመዝኑ አያወሩም፤ እኔም እንዳላወራ ይነግሩኛል፤ ከዚያ ራሳቸው ያወራሉ።

ሦስት ቅዳሜ ሜዳ ሄድን። እትዬ ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው ወረቀት ላይ ይሞክራሉ። ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን አይበተኑም፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ እንደ መሰላል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይቆማሉ። እኔ መሰላሉ ሲያምር ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

«አታጨብጭቢ፣ ማሂ» አሉኝ። «ላይ ያለው በጉን ያልፈዋል። ታች ያለው እግሩን ይለቅምለታል።»

መለኮሻውን ለወጡ። አረሩን ትንሽ ገፋ አድርገው፣ ትንሽ ሳብ አድርገው ሰኩት። መሰላሉ እንዳለ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ኮሊን፣ ሻንጣህን አቧራውን አራግፍለት» አሉ። ኮሊን አልሳቀም። «ገና ሁለት ሳምንት አለ፣ ጽጌ» አላቸው።

በማግስቱ ሙቀቱ ብሶ ነበር። መስኮቱ ተወትፏል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ሽሮ ምድጃ ላይ ይንተከተካል። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ አየር የሚንቀሳቀስበትን አንዲት ቦታ አውቃታለሁ። ሃውሲንጎቹ፣ የቤቱ አከራዮች፣ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የገጠሙት ማራገቢያ አለ፤ እንፋሎት ሲሰማው በራሱ ይነሣና ዝም ብሎ ይስባል። ከሥሩ ያለችው በርጩማ ላይ ስቀመጥ አንገቴን ቀስ ብሎ ይነካኛል። ከመደቡና ከሚዛኑ ጎን፣ ቀለሃዬን ታቅፌ፣ እዚያ ተቀምጫለሁ።

እትዬ ከሚዛኑ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ከዚያ ተነሺ» አሉኝ።

«ለምን?»

«ንፋስ ይመታሻል። ላብሽ ሳይደርቅ እዚያ ይቀመጣል? ነገ አንገቴ ብትይኝ አልሰማሽም።»

«እትዬ ፕሊስ። ሌላው ቦታ እኮ በጣም ሆት ነው።»

«ተነሺ ብያለሁ። ነጠላዬን አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ።»

ተናድጄ ተነሣሁ። እናቴ መልስ መስጠት አታውቂም ብላኝ አታውቅም። «ኦኬ፤ እኔ ከተነሣሁ ሚዛኑም ይነሣ!» አልኳቸው። «እኔን የመታኝ እሱንም ይመታዋል።»

እትዬ የባሩድ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቆሙ። መርፌዋን አዩ። ቀና ብለው ማራገቢያውን አዩ። መልሰው መርፌዋን። ያኔ እኔም አየኋት፤ ለመቆም የምትፈልግ፣ የሆነ ነገር ግን የማያስቆማት ይመስል፣ ከመስመሯ ላይ ትንሽ ትንሽ ትነሣ ነበር።

ሽሮውን አወረዱ፤ እንፋሎቱ ጠፋ፤ ማራገቢያው ተንጠራርቶ ቆመ። መርፌዋ ወርዳ መስመሯ ላይ ተኛች።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መሳቅ ጀመሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ደህነኛውን ትከሻቸውን ይዘው ሳቁ። «ቤቱን ሙሉ ወትፌ! በሩን፣ መስኮቱን! ሚዛኑን ብቻ ንፋስ መንገድ ላይ አስቀምጬው!»

ለአባቴ ደወሉለት። እሱ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው «ያንተ ልጅ ንፋስን ያዘችልኝ» ማለታቸውን ነው።

ማራገቢያውን በካርቶን ከደንነው። ሚዛኑን ትልቅ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ፊቱ ብቻ ተከፍቶ፣ አስቀመጥነው። መሰላሉን የሠራው አንዱ በዝቶ፣ አንዱ አንሶ የተመዘነ ባሩድ ነበር፤ እትዬ የመዘኑትን ሁሉ ወደ ዕቃው መልሰው እንደ አዲስ ጀመሩ። በሚመዝኑበት ጊዜ ሽሮም፣ ሻይም ቀረ፤ ዳቦና ቲማቲም በላን። ቅዳሜ ወረቀቱን ሲያመጡት መሰላሉ የለም። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው አንድ እፍኝ ባቄላ የተከመረ መስለዋል። ኮሊን ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ምን አደረግሽ?» አላቸው።

«መስኮት ዘጋሁ» አሉ።

እንግሊዞች መስኮት ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ ነገር እንደሚስተካከል አያምኑም። ኮሊን ማብራሪያ ይጠብቅ ነበር፤ አልሰጡትም።

ፍልሰታ ሲፈታ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የኛ ቤተ ክርስቲያን የተከራየነው ያረጀ የእንግሊዝ ሕንፃ ነው። ስለታቸው የሠመረላቸው ሰዎች ያመጡትን ጃንጥላ፣ ከፋይ ጨርቅ የለበሰ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቀይና አረንጓዴ፣ አየሁ። እናቴን ስጠይቃት፣ ሰው አንድ ነገር ለምኖ ሲሆንለት ለእመቤታችን የሚሰጠው ነው አለችኝ። አሰብኩበት። እኔ ከፋይ የለኝም። አባዬ ለልደቴ የገዛልኝ፣ ባለእንጨት እጀታ፣ «ስታድጊ ይሆንሻል» ተብሎ ከኔ ቁመት የሚተካከል ትልቅ ጥቁር የዝናብ ጃንጥላ ግን አለኝ። ካሉኝ ነገሮች ሁሉ የምወደው እሱ ነበር። ደግሞ ለንደን ላይ የሚያስቸግረው ፀሐይ አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ስምንት በግ ከወደቀ ጃንጥላዬን እሰጣለሁ ብዬ ተሳልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የውድድሩ ቀን ሰማዩ ዳምኗል። ኮሊን መጣ፤ ረጅሙን ጥቁር ሻንጣ ይዟል። ከእትዬ ኋላ ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

በጎቹ በአምስት በአምስት ተደርድረው ይተኮሳሉ። ከሩቅ ሲታዩ የሩዝ ፍሬ ያክላሉ። እትዬ ቆሙ፤ እግራቸውን አመቻቹ፤ ጠመንጃውን በታከመው ትከሻቸው ላይ ቀስ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ አድርገው ደገፉት።

መጀመሪያ በጉ ሲወድቅ አየሁ፤ የብረቱ ድምፅ ቆይቶ መጣ። እኔ በጉ ገና ሳይመታ ፈርቶ የወደቀ መሰለኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው። አራተኛው ተመትቶ ተወዛወዘ፤ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ሰላምታ ሊሰጥሽ ነበር» አለ ኮሊን መነጽሩ ላይ እንዳቀረቀረ።

«እግዜር ይስጠው በለው» አሉ እትዬ በአማርኛ። ኮሊን የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

አምስተኛው ወደቀ። በዕረፍቱ እትዬ ትከሻቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ውኃ ወሰድኩላቸው። «ያምዎታል?» አልኳቸው። «ከባስ መስኮት አይብስም» አሉኝ።

ስድስተኛው ወደቀ። ሰባተኛው ወደቀ። ስምንተኛው ላይ በጣም ቆዩ። ጠመንጃውን አወረዱት፤ ተነፈሱ፤ እንደገና አነሡት። ጥይቱ ሲጮህ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድንግ የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ የሰማሁት የሻንጣ መቆለፊያ ነው፤ ኮሊን አጎንብሶ ላላ ብሎ የነበረውን ቀጭ አድርጎ ዘግቶታል።

«ተዘጋ» አላቸው። «የራስሽ ነው። ሁለት ቀርቶሻል።»

ዘጠነኛው ተተኩሶ የወደቀው ምንም ሳይቸገር ነው። አሥረኛው ላይ ሣሩ መተኛት ጀመረ፤ ሜዳው ላይ የተተከሉት ባንዲራዎች ተነሡ። ንፋስ መጣ። ጠመንጃውን ለመውሰድ ዓመታት የጠበቀው ሰው አጠገባቸው ቆሞ በሹክሹክታ፣ ፈጠን ባለ ድምፅ ይመራቸዋል።

«አትተኩሺ። ከግራ ነው። ጊዜ አለሽ። ቆዪ... ቆዪ... ንፋሱ እየበረደ ነው። አሁንም ቆዪ። ግራ ጫፉን ያዢ። አሁን።»

በጉ ወደቀ፤ ድምፁ ተከተለ። ከዚያ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኔ ግን አታጨብጭቢ የተባልኩትን አስታውሼ እጄን ይዤ ቆሜ ነበር። እትዬ ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አረጋግጠው አስቀመጡና ዞር ብለው አዩኝ።

«አሁን አጨብጭቢ እንጂ!»

እልል ያልኩት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ ወጣልኝ። እንግሊዞቹ ዞረው አዩኝ፤ እትዬ ደግሞ ተቀበሉኝ።

«እርቦኛል» አሉ እትዬ ሲረጋጉ። «ኮሊን፣ የሚበላ ነገር አለህ?»

ኮሊን አጎንብሶ ረጅሙን ሻንጣ ከፈተ። ጠመንጃ የሚጋደምበት ቦታ ላይ፣ በፎይል የተጠቀለለ አራት የዕንቁላል ሳንድዊች ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ጃንጥላዬን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ የሚመሩት ቄስ በር ላይ ቆመው ነበር። በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ስለት ነው፣ አባ።»

«ምን ለምነሽ?»

«በግ እንዲወድቅ።»

«የማን በግ?»

«የአክስቴ። አሥርም ወደቀ።»

እትዬን ቀና ብለው አዩአቸው። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ እያስተካከሉ ነበር። ቄሱ ጃንጥላውን ተቀበሉኝ፤ ከፍተው አዩት፤ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉና ከከፋዮቹ ጎን አቆሙት። እናቴ ቤት ስንደርስ ለምን ሳትነግሪን አለችኝ። አባቴ «ከትልቅነቱ የተነሣ ገና አልደረሰችበትም ነበር» አላት።

ያን ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ጊዜ አልሄድኩበትም ነበር። ይህን ስጽፍ አንድ የቀረኝን ነገር ለማረጋገጥ ባለፈው እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ ነበር። የከፋይ ጃንጥላዎቹ መጋረጃው አጠገብ ተሰብስበው ቆመዋል፤ ጥቁሩ እዚያ አልነበረም። በሩ ጥግ፣ የሚወጣ የሚገባ ሰው እጅ በሚደርስበት፣ ግድግዳው ላይ ከተመታ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። እናቴ በጨርቅ ላይ ጽፋ እጀታው ሥር የሰፋችው ስሜ አለ። ጨርቁን በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነበር።